ቤንከልማን ቢም ከብየዳ ቤት፦ የኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2017፣ መነሻ

የኤርፖርት ፔቭመንት (የማኮብኮቢያ ንጣፍ) ዲዛይን የማውቀው ከወንበር ላይ ነው። ፋርፊልድን፣ የንጣፍ ውፍረት የሚያሰላውን ሶፍትዌር፣ እከፍታለሁ፣ "ሳብግሬድ ሲቢአር 5" (ሳብግሬድ ከንጣፉ ሥር ያለው አፈር ነው፣ ሲቢአር የጥንካሬው መለኪያ) ብዬ እጽፋለሁ፣ አውሮፕላን እመርጣለሁ፣ ውፍረት ይወጣል። 5ቷ ከየት እንደመጣች ጠይቄ አላውቅም። ሰው ይሰጠኛል፣ እጽፋለሁ።

በዚህ ወር የአውሮፕላንን ጭነት ከንጣፍ አቅም ጋር የሚያነጻጽረው የድሮው አሠራር፣ ኤሲኤን–ፒሲኤን፣ ቀርቶ ኤሲአር–ፒሲአር ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደረሰ (ኅዳር 19)። አዲሱ አሠራር የታችኛውን አፈር የሚመድበው በሲቢአር ሳይሆን በሞጁለስ (ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚገትር በሚለካ ቁጥር) ነው። 150 ሜጋፓስካልና ከዚያ በላይ ኤ፣ ከ100 እስከ 150 ቢ፣ ከ60 እስከ 100 ሲ፣ ከ60 በታች ዲ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። የመሬት ሞጁለስ በእጄ ለክቼ አውቃለሁ? አላውቅም።

ኤርፖርት ላይ ይህን የሚሠራው መሣሪያ ኤችደብሊውዲ ይባላል። በተጎታች ላይ የተጫነ ከባድ ክብደት 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ሳህን ላይ ይወድቃል። በመስመር የተደረደሩ ጂኦፎኖች መሬቱ በየርቀቱ ስንት ማይክሮን ዝቅ እንዳለ ይመዘግባሉ። ከዚያ ሳህን መሰል ጉድጓድ፣ ማለትም ከዴፍሌክሽን ቦውሉ፣ የየንብርብሩን ሞጁለስ ወደኋላ ማስላት ነው። አንድ ነጥብ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ መቆፈር የለም፣ ማኮብኮቢያውም ብዙ አይዘጋም። ዋጋው ግን አይነሳም።

ስለዚህ ወደ አያቱ ተመለስኩ፤ ቤንከልማን ቢም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ "ዋሾ" (WASHO) ለተባለው የመንገድ ሙከራ የተሠራ ነው። ረጅም ዘንግ፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴ የሚያነብ ባለመርፌ መለኪያ)፣ በቃ። የተጫነ መኪና የኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከል ጫፉን ታስገባለህ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ መሬቱ ሲመለስ ታነባለህ። ይህንማ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ይሠራዋል አልኩ።

ከአሁኑ ልናገር፣ ኤርፖርቱን አልነካሁም። ያለ ፈቃድ አጥሩንም አላልፍም። የለካሁት አንድ ወዳጄ የሚያስተዳድረው የጭነት መኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ነው። ከሥር ያለው ያው የቦርከና ሜዳ ጥቁር አፈር ነው።

ታኅሣሥ፣ ብየዳ

መደበኛው ልክ ከጫፍ እስከ ማጠፊያ 2.44 ሜትር፣ ከማጠፊያ እስከ ዳያል ጌጅ 1.22 ሜትር ነው። ሁለት ለአንድ። 60 በ40 ቱቦላሬ ሁለት ዘንግ ገዛሁ፣ 7,600 ብር። ዳያል ጌጁን (0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ) ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁ፣ 3,600። ብየዳና ቶርኖ 2,800።

በያጁ ሥዕሌን አገላብጦ አየና፣ "ልጄ፣ ይሄ ሚዛን ነው ወይስ የውሃ መቅጃ?" አለኝ። "ጋሼ፣ መሬት ነው የሚለካው" ስለው፣ "መሬትማ በሜትር ነው የሚለካው" ብሎ መነጽሩን አጠለቀ።

የመጀመሪያው ስህተት ማጠፊያው ላይ ነው። ርካሽ ይሁን ብዬ 16 ሚሊሜትር ብረት በቀዳዳ አስገብተን፣ በዳዶ አጥብቀን ጨረስን። ፍተሻው ቀላል ነው፤ የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባትን ስስ ላሜራ፣ የ0.50ዋን፣ ከጫፉ ሥር ማስገባት። ዳያል ጌጁ 0.25 ማለት አለበት። 0.21 አለ። ደግመን ሞከርን፣ 0.19። ከዚያ 0.23። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ይጫወታል ማለት ነው። ለዓይን የማይታይ ክፍተት፣ እኔ ከምፈልገው መጠን ጋር እኩል ነው።

ሁለት 6202 ኩሽኔታ ገዛሁ። ቤታቸውን ቶርኖ ላይ አስወጣን፣ ሌላ 1,400 ብር። አሁን 0.25፣ 0.25፣ 0.25። በያጁ ራሱ አሥር ጊዜ ያህል ላሜራዋን እያስገባ እያወጣ መርፌዋን ሲያይ ቆየ። "ይሄስ ይዋሻል አይባልም" አለ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልኬት

ኤፍኤስአር መኪና ተከራየሁ፣ ግማሽ ቀን ከነሹፌሩ 4,000 ብር። የኋላ አክስሉ 8,170 ኪሎ መሆን አለበት፣ 80 ኪሎኒውተን ነው። አሸዋ ጭነን የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሚዛን ላይ አወጣናቸው፣ 7,420። ተመልሰን አካፋ ያዝን። በሦስተኛው 8,180 ሆነ፣ ይበቃል አልኩ። የጎማ አየር 80 ፒኤስአይ።

ሹፌሩ "አብሽር ኢንጂነር፣ እንደ ሙሽራ ነው የምነዳልህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሹፌር አላየሁም። የሐረጎን ዳገት ስንት ዓመት የወጣ የወረደ እግር ነው።

ረፋድ አራት ሰዓት ጀመርን። ጫፉን በጥንዱ ጎማ መካከል አስገባሁ፣ ዜሮ አደረግኩ። መኪናው ገና አልተነሳም። መርፌዋ ግን ትሄዳለች። በዝግታ፣ 0.05፣ 0.08፣ 0.11። ቆመች። ከዚያ ወደኋላ መመለስ ጀመረች። ኩሽኔታው ነው ብዬ ተንበርክኬ ዳሰስኩት፣ ጠብቋል። ቀና ስል የግቢው ዘበኛ ከበሩ ሆኖ "ደመና መጣ፣ ደግ ነው፣ ጥላ ሆነልህ" አለኝ።

ጥላ! ፀሐይ የቱቦላሬውን የላይ ፊት ታሞቀዋለች፣ የታቹ ቀዝቃዛ ነው። ብረቱ ይጎብጣል። ማታ ቤቴ አሰላሁት፤ በ60 ሚሊሜትር ቁመት፣ ከላይና ከታች የ1 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ጫፉን 0.6 ሚሊሜትር ዝቅ ያደርገዋል። እኔ የምለካው ነገር ደግሞ ጠቅላላው 1 ሚሊሜትር አይሞላም። የኮምቦልቻ የረፋድ ፀሐይ 1 ዲግሪ ላይ አትቆምም።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ቢሙን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልኩት። ሹፌሩ "በረደው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። መርፌዋ ግን ቆመች፣ ንቅንቅ የለም። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አሥራ አንድ ነጥብ ለካን። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ተውነው።

እዚያው ሳምንት፣ ኤክሴል

የአሥራ አንዱ ነጥብ አማካይ የንባብ ልዩነት 0.46 ሚሊሜትር። በቡሲኔስክ ቀመር (መሬቱን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ የሚያይ) ሞጁለሱ 319 ሜጋፓስካል ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለአንድ ወዳጄ ደውዬ "ግቢው እንዴት ያለ ጠንካራ መሰለህ" አልኩት። "በጥቁር አፈር ላይ?" አለና ዝም አለ።

ዝምታው ነው ያነቃኝ። ቢሙ ሁለት ለአንድ ነው። ንባቡ በሁለት ይባዛል። ዴፍሌክሽኑ 0.92 ነው፣ ሞጁለሱም 160። በያጁ ቤት በላሜራ አሥር ጊዜ የፈተሽነውን እጥፍ ኤክሴል ላይ ረሳሁት።

የካቲት፣ ቦውሉን መለካት

አንድ ቁጥር ብቻ ላይኛውን ንብርብር ከታችኛው አፈር አይለይም። መኪናው 30፣ 60፣ 90 ሴንቲሜትር እየተራመደ እየቆመ ማንበብ ነበረብኝ። መሬት ላይ በኖራ ምልክት አደረግን። የሩቁ ንባብ የታችኛውን አፈር ይናገራል፤ ጭነቱ እየሰፋ ስለሚወርድ ከጎማው ራቅ ባለ ቦታ ላይ የሚታየው መውረድ በአብዛኛው የሳብግሬዱ ነው። በ90 ሴንቲሜትር ላይ 0.28 ሚሊሜትር አገኘሁ (በሁለት አባዝቼ! ቀይ ቀለም አድርጌበታለሁ)።

የተለመደው ቀመር ቀላል ነው፤ 0.24 ሲባዛ በጭነቱ፣ ሲካፈል ለዴፍሌክሽኑና ለርቀቱ። ጭነት 40 ኪሎኒውተን። ውጤት 38 ሜጋፓስካል።

ይህን ቁጥር ሁለት ሳምንት አመንኩት። ከዚያ አንድ ማታ የኤችደብሊውዲ ሥዕልና የእኔን መኪና ሥዕል ጎን ለጎን ሳይ ገባኝ። እዚያ አንድ ሳህን ነው ያለው። እኔ ጋ አክስሉ ሁለት ጫፍ አለው! በሌላኛው ጎን፣ 1.8 ሜትር ርቆ፣ እኩል ጭነት መሬቱን ይጫናል። ከቅርቡ ጎማ 90 ሴንቲሜትር ርቄ ሳነብ ከዚያኛው 2 ሜትር ላይ ነኝ። ዴፍሌክሽን በርቀት ልክ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ የሩቁ ጎማ ድርሻ የቅርቡን 45 በመቶ ያህል ነው። ያንን ጨምሬ ሳሰላ 55 ሜጋፓስካል ሆነ።

ሌላም ስህተት አለ፣ እስካሁን አልተፈታም። የቢሙ የፊት እግሮች ራሳቸው ቦውሉ ጠርዝ ላይ ናቸው። መሬቱ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ቢሙ ያነሰ ይናገራል። የህንድ የመንገድ መመሪያ መኪናውን 2.7 ሜትር ላይ፣ ከዚያም ሌላ 9 ሜትር ላይ አቁሞ ማንበብ ይላል። ሁለቱ ንባቦች ከተራራቁ እግሩ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ልዩነታቸው በ2.91 ተባዝቶ ይታረማል። 2.91 ግን ለመደበኛው ክፈፍ ልክ ነው። እኔ የኋላ እግሩን ብረት ለመቆጠብ አሳጥሬዋለሁ። ስለዚህ ንባቡ የተራራቀባቸውን ሦስት ነጥቦች ጣልኳቸው። ከ55 ላይም ጥቂት መቀነስ እንዳለበት እያወቅሁ ነው የምሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ ለማየት አሸዋውን አራግፈን በ5,100 ኪሎ አክስል ለካን። በስሌት 0.57 መሆን ነበረበት፣ 0.53 ሆነ። ጭነት ሲከብድ ጥቁር አፈር ከድርሻው በላይ ይለሰልሳል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ያሳስበኛል። 29 ቶን ገደማ የሚመዝን ኪው 400 (ባለ ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን) ሲነሳ በአንድ የዋና እግር ጥንድ ጎማ ላይ ወደ 14 ቶን ይወርዳል። የእኔ ጥንድ ጎማ 4 ቶን ናት። ኤችደብሊውዲ ከባድ የሆነው፣ በተለያየ ክብደትም ደጋግሞ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

የካቲት መጨረሻ፣ ባክፋና አካፋው

ባክፋ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሶፍትዌር ነው፣ በነፃ ይወርዳል። ቦውሉን ትሰጠዋለህ፣ ሞጁለሶቹን እየቀያየረ የተለካውን ጉድጓድ እስኪመስል ይሞክራል። የእኔን ሰጠሁት፤ ስህተቱ አልወርድ አለ። ሲገባኝ ጥፋቱ የሱ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ክብ ሳህንን ነው፣ እኔ የሰጠሁት የአራት ጎማ ጉድጓድ። ተውኩትና በኦደማርክ ዘዴ ኤክሴል ላይ ሠራሁት፤ የላይኛውን ንብርብር በታችኛው አፈር ውፍረት መንዝሮ ማስላት ነው።

እዚህ ውፍረት ያስፈልጋል። ዘበኛውን ጠየቅሁ። "ገረጋንቲው 20 ሴንቲሜትር ነው፣ ሲደፋ እዚሁ ነበርኩ" አለ። አስገባሁ፤ የገረጋንቲው ሞጁለስ 1,200 ሜጋፓስካል። ይሄ ገረጋንቲ ሳይሆን በሲሚንቶ የታሰረ ድንጋይ ነው።

ሳይቆፈር የሚደረግ ምርመራ ብዬ የጀመርኩት ሰውዬ አካፋ አነሳሁ። ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ጉድጓድ። 20 ሴንቲሜትር ላይ ገረጋንቲው አለቀና ቀጥሎ ሌላ ገረጋንቲ መጣ፣ ቀላ ያለ፣ የቆየ። ዘበኛው ዋሽቶ አይደለም። እሱ ሲደፋ ያየው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያው ከሱ በፊት ነበር። ጠቅላላ 40። ሞጁለሱ ከ400 በታች ወረደ፣ አሁን ገረጋንቲ መሰለ። የንባብ መሣሪያው አልተለወጠም፣ መኪናው አልተለወጠም፤ አንድ የውፍረት ቁጥር ብቻ ሦስት እጥፍ አዛነፈኝ። ኤርፖርት ላይም ከኤችደብሊውዲ ጋር ኮር (የንጣፍ ናሙና) የሚቆረጠው ወይም የመሬት ራዳር የሚነዳው ለዚህ ነው።

ፋርፊልድ፣ የበጋው ዲዛይን

አሁን ቁጥሩ የእኔ ነው። ለልምምድ ያህል አንድ ምናባዊ ማኮብኮቢያ፦ ኪው 400፣ በቀን 4 መነሳት፣ በዓመት 1,460፣ ዕድገት የለም፣ 20 ዓመት። ላዩ 10 ሴንቲሜትር አስፋልት፣ 20 ሴንቲሜትር የተፈጨ ድንጋይ፣ ከሥሩ ሳብቤዝ (የገረጋንቲ ንብርብር)። ሳብግሬድ 55።

ፋርፊልድ የሳብቤዙን ውፍረት እየቀያየረ የጉዳት ድምሩ፣ ሲዲኤፍ የሚሉት፣ 1 ላይ እስኪቆም ያሰላል። 1 ማለት የ20 ዓመቱ ትራፊክ የፔቭመንቱን ዕድሜ ልክ ጨረሰው ማለት ነው። ጠቅላላ ውፍረት ወደ 50 ሴንቲሜትር ወጣ። ጥሩ። ፋይሉን "የመጨረሻ" ብዬ አስቀመጥኩ። ፋይል "የመጨረሻ" ብሎ የሰየመ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል።

መጋቢት፣ በልግ

ረመዳን ውስጥ ነን። ሦስት ሌሊት ደህና ዘነበ። ሹፌሩን "ፆም ላይ አላስቸግርህም" ብለው፣ "ከሱሁር በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ና እንሥራ" አለኝ። ፈጅር ሰግዶ መጣ። አሸዋው ዝናብ ጠጥቶ ስለከበደ ከሚዛን ቤት ተመልሰን ቀነስን፤ 8,170 ላይ አቆምነው። ጥር ላይ በግቢው ጠርዝ ጣት የሚያስገባ የነበረው ንቃቃት ተዘግቷል። ጫማዬ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ብቻ ግማሽ ኪሎ ይሆናል።

በዚያው ነጥብ፣ በዚያው የኖራ ምልክት (ዝናቡ አጥቦታል፣ በሚስማር ነበር ያስያዝኩት)፦ መሐሉ 1.31 ሚሊሜትር። 90 ላይ 0.42። የሩቁን ጎማ ጨምሬ፣ 37 ሜጋፓስካል።

በፒሲአር ምድብ 55ም 37ም ዲ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ልዩነት የለም። ፋርፊልድ ላይ ግን ሳብግሬዱን 37 ሳደርገው ጠቅላላው ወደ 65 ሴንቲሜትር ገደማ ሄደ። 15 ሴንቲሜትር። 2 ኪሎሜትር በ30 ሜትር ማኮብኮቢያ ቢሆን 9,000 ሜትር ኪዩብ ገረጋንቲ ነው። 16 ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ560 ምልልስ በላይ።

ለሹፌሩ ነገርኩት። "ታዲያ ሥራ ነው እንጂ ምን ችግር አለው!" አለ።

ይህ ሁሉ ማበጡን ሳይቆጥር ነው። ፋርፊልድ ጥቁር አፈር በክረምት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንደሚሰነጠቅ አያውቅም። አንድ ሞጁለስ ነው የሚጠይቅህ፣ የወር ስም አይጠይቅህም። እውነተኛ ሥራ ቢሆን ከላይ ያለውን አፈር ማንሳት ወይም በኖራ ማከም፣ ውሃውንም በቦይ ማራቅ ገና ከውፍረቱ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሚያዝያ፣ ያለሁበት

እስካሁን የወጣው 15,400 ብር ለመሣሪያው፣ 16,000 ለመኪና ኪራይ (አራት ጊዜ)፣ ሚዛንና አሸዋ ወደ 3,000። አሸዋውን በያጁ ለቤቱ ልስን ስለወሰደው ብድር ተካክሰናል።

ቢሙ አሁን ብየዳ ቤት ነው። የኋላ እግሩን ወደ መደበኛው ልክ እያስረዘምነው ነው፣ የተጣሉት ሦስት ነጥቦች እንዲመለሱ። ላዩ ላይ ነጭ ቀለምና የቆርቆሮ ጥላ እናደርግለታለን፤ ጋቢው ከዚህ በኋላ ይቅርለት። ለነሐሴ ሦስተኛ ልኬት ሹፌሩን አነጋግሬዋለሁ፣ "በክረምት መኪናው ግቢው ውስጥ ከተቀረቀረ ማስወጫው ባንተ ነው" ብሎኛል።